ከደጅ የቆምንበት ጠዋት

ሰዎች አሁን ሲያዩኝ ድሮም በራሷ አፍራ የማታውቅ ሴት እመስላቸዋለሁ። ባሕር ዳር ላይ በጠራራ ፀሐይ ክንዴን ገልጬ፣ ፊቴን ሳልሸፍን ስሄድ የሚያገኙኝ ወጣቶች "እርስዎ እኮ ደፋር ነዎት" ይሉኛል። ደፋር ሆኜ አልተወለድሁም። ለዚህ ያበቃኝ በሐይቁ ላይ ያሳለፍሁት አንድ ቀንና አንድ ጠዋት ነው። በአፌ ብዙ ጊዜ ተርኬዋለሁ፤ ዐይኔ ሳይደክም ደግሞ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ዘንዘልማ ባለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ዘንዘልማ ያኔ እንደዛሬው ቤት በቤት አልሆነም፤ ከክፍሌ መስኮት ማዶ የሚታየው ሁሉ የጤፍና የዳጉሳ እርሻ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከሐይቁ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምሩ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የሻረግ የሚለውን ስሜን ሙሉውን ጠርተውት አያውቁም፤ "ሻረጌ" ነው የሚሉኝ።

ነገሩ የጀመረው በቀኝ እጄ ጣቶች ጫፍ ላይ ነው። ነጭ ነገር አየሁ። ጠመኔ መስሎኝ አጠብሁት። አልለቀቀም። በማግስቱም አጠብሁት፤ በሳሙና፣ በሎሚ፣ በአመድ ፈተግሁት። ከዚያ ወደ እጄ ጀርባ ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላው ከንፈሬንና የዐይኔን ዙሪያ ያዘው። ሐኪም ቤት ብሄድ ሐኪሙ መረመረኝና "ለምጽ ነው። አይገድልም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ይህ ነው የሚባል መድኃኒትም የለውም" ብሎ አሰናበተኝ።

የዚያን ጊዜ ታጭቼ ነበር። የልጁ ቤተሰቦች ጨዋ ሰዎች ስለነበሩ ምክንያት እንኳ ሳይሰጡ ቀስ ብለው ራቁ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ጓድ ሲሳይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚደረገው የውይይት ክበብ ላይ እርግማንና ቁጣ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በሳይንስ ይገለጣል እያለ ሰፊ ትምህርት ይሰጠን ነበር። ስሰማው ልቤ ትንሽ ይጽናናል። ስብሰባው ሲያልቅ ግን ሁሉንም በእጁ እየጨበጠ ይሸኝና እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት እጁን ኪሱ ይከታል።

አባባ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። አንድ ምሽት አጠገባቸው አስቀመጡኝና ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ለምጽ የተጻፈውን አነበቡልኝ።

"ሻረጌ፣ ይህ ነገር ያለ ምክንያት አይመጣም" አሉኝ። "የሠራሽው ነገር ካለ ንገሪኝ። ለእኔ ካልሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።"

"ምን ሠራሁ አባባ?"

"እሱን አንች ነሽ የምታውቂው።"

እኔ ግን አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ሕይወቴን ከልጅነቴ ጀምሬ እየገለባበጥሁ ኃጢአት ስፈልግ አድር ጀመር። ስላላገኘሁ ደግሞ ክፋቴ ከራሴ የተሰወረ ነው ብዬ ባሰብኝ። በሙቀት ቀን ሳይቀር እጅጌ ረጅም ሹራብ እለብሳለሁ፤ ነጠላዬን እስከ ዐይኔ እሸፍናለሁ። ጸሎቴም ቢሆን "ከእኔ ላይ ውሰድልኝ" ከማለት አያልፍም ነበር። የገዛ ቆዳዬን የምጸየፍ ሰው ሆንሁ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባባ ሱባኤ እንድገባ ወሰኑ። ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ፣ ሴቶች መነኮሳት በሚኖሩባት ትንሽ ገዳም፣ ጸበል እየተጠመቅሁ እንድቆይ ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ ትንሽ ናት፣ ጸጥታዋን አልረብሽም። አባባ ወደቡ ድረስ ሸኙኝ።

"ሳትነጺ እንዳትመለሽ" አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ ከኋላዋ ሞተር የተገጠመላት። ባለቤቱ ተገኘ የሚባል ጎልማሳ ሲሆን ለገዳሙ እህል ጭኗል። ከእኔ በቀር አንዲት መንገደኛ ነበረች። ሆዷ የገፋ፣ ፊቷ የሚስቅ፣ ሻርፕ የተከናነበች ወጣት። ቦታ ሞልቶ ሳለ መጥታ አጠገቤ ዘፍ አለች።

"ሰዓዳ እባላለሁ። ቡና ልገዛ ወደ ዘጌ ነኝ። አንችስ?"

ነጠላዬን ወደ ዐይኔ ሳብ አድርጌ "ጸበል" አልኋት።

"አሚን፣ ይማርሽ" አለችና ከዘንቢሏ ማንጎ አውጥታ ላጠችልኝ። ስትሰጠኝ በእጄ ልቀበል አፈርሁ። እሷ ግን መዳፌን ያዝ አድርጋ አስቀመጠችልኝ። ነጩን አይታዋለች። ወሬዋን ግን ቀጠለች። የባሕር ዳር ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናት። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወራት አልፏል፤ ወሬውም አልደረሳት። ሱቁን እንዳይዘጋ ይዛ የምትንቀሳቀሰው እሷ ናት።

"እንዲህ ሆነሽ በሐይቅ ትሄጃለሽ?" አልኋት።

"ቀኔ ገና ነው፤ አንድ ወር ይቀረኛል። ደግሞ ቤት ተቀምጬ በሩን ባይ ባይ ምን ይፈይድልኛል?"

እኩለ ቀን ሳይሆን ነፋሱ ተነሣ። ጣናን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ውሃ ድንገት ይነሣል። ማዕበሉ የጀልባዋን ጎን ይመታ ጀመር፤ ውሃ ገባ። ተገኘ ሞተሩን ሊያፈጥነው ሲሞክር አንድ ሁለቴ አጓራና ቀጥ አለ። ገመዱን ደጋግሞ ሳበው። አልነሣ አለ።

"ደሴቷ ያችትና፤ በመቅዘፊያ እደርሳለሁ። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ!" አለ።

ዝም ብሎ መቀመጥ ግን አልተቻለም። ሰዓዳ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፍቷል።

"እህቴ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "የረጠብሁት በሐይቁ ውሃ አይደለም።"

እንሽርት ውሃዋ ፈስሶ ነበር።

ተገኘ ወገቡ እስኪቆረጥ ቀዘፈ። እኔም ሰዓዳን በአንድ እጄ አቅፌ በሌላው በጣሳ ውሃ እጨልፋለሁ። ምጧ ሲመጣ ትንፋሿን ዋጥ ታደርግና "ያ ረቢ" ትላለች፤ ሲለቃት ደግሞ ለእኔ "አይዞሽ" ትለኛለች። እሷ ናት ለእኔ የምትለው! የሰው ጥንካሬ ምን እንደሚመስል በዚያች ጀልባ ላይ አየሁ።

ደሴቷ ደርሰን ተሸክመን ስናወጣት መነኮሳቱ ከግቢው በር ብቅ ብቅ አሉ። አንዲት ወጣት መነኩሴ ፈጥና መጣች፤ ሰዓዳን፣ ሻርፗን፣ ሆዷን አየች።

"ዋይ! እዚህ መውለድ አይቻልም" አለች። "የገዳሙ ሥርዓት ነው። ደግሞ እስላም ናት። ወደ ዘጌ ውሰዷት።"

"በምን?" አለ ተገኘ። "ሞተሩ ሞቷል፤ ነፋሱን አታዪውም?"

ወጣቷ ክፉ ሰው አልነበረችም። ፈርታ ነው። የተማረችውን ነው የተናገረችው፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። የዚያን ጊዜ ነው ከኋላዋ አንዲት ቀጭን አሮጊት በመቋሚያ እየተደገፉ የመጡት። የገዳሙ እመ ምኔት፣ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ናቸው። ሰዓዳ ፊት ሲደርሱ ዝቅ ብለው በመዳፋቸው ጀርባ ሆዷን ነኩ።

"የመጀመሪያሽ ነው?"

"አዎ እማማ።"

"እንግዲያ እንፍጠን።" ዘወር አሉና ለወጣቷ መነኩሴ "ውሃ ጣዱ። አዲስ ምላጭና ክር፣ ንጹሕ ጨርቅም አምጡልኝ" አሏት።

"እማሆይ!" አለች ወጣቷ ድንግጥ ብላ። "ከነኳት እኮ ቤተ ክርስቲያን መግባት አይችሉም። ነገ ኪዳን አለ፤ የወሩ በዓልም አለ..."

"አውቃለሁ ልጄ። እኔ የወራት ቅጣት ቆሜ እጨርሳለሁ። ይች ልጅ ግን አንዲት ሰዓት የላትም።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ክርክርም አልነበረም። ወጣቷ ዐይኗን ሰበረችና ወደ ውስጥ ሮጠች።

ከግቢው በር ውጭ፣ ሐይቁ ዳር፣ እህል የሚራገፍበት ዳስ ነበር። ሰዓዳን እዚያ አስገባናት። እማሆይ የለበሱትን ቢጫ ኩታ አውልቀው ከሥሯ አነጠፉላት። ተገኘን ከዳሱ አስወጡት። እኔም አብሬው ልወጣ ስነሣ በመቋሚያቸው መንገዴን ዘጉብኝ።

"አንችስ ወዴት?"

"እኔ ልጠመቅ የመጣሁ ነኝ እማሆይ።"

"ትጠመቂያለሽ። አሁን ነጠላሽን አውልቂ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ።" ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጠማዘው እንደ ሥር ተቆላልፈዋል። "ሳልመነኩስ በፊት አገሬ ማክሰኝት አዋላጅ ነበርሁ። ብዙ ልጅ ተቀብያለሁ። አሁን አፌ እንጂ እጄ አይሠራም። እጅ የምትሆኝኝ አንች ነሽ።"

እያለቀስሁ ነጠላዬን ገለጥሁላቸው።

"እማሆይ፣ ይዩኝ። እጄ ለምጽ ነው። የረከስሁ ነኝ። ለልጁ አይሆንም።"

እጄን በሁለቱ ጠማማ እጆቻቸው መሐል ያዙት። ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት።

"ይሠራል?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"እጅሽ ነዋ። ይታጠፋል? ይይዛል?"

"ይይዛል።"

"እንግዲያ በሳሙና እጠቢው።"

እስከዚያ ድረስ ስለ እጄ ብዙ ነገር ተጠይቄያለሁ። ከየት መጣ፣ ለምን መጣ፣ ያሳክካል፣ ይተላለፋል ወይ፣ ያልተባልሁት የለም። ይሠራል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ታጠብሁ። ነጩን ለማስለቀቅ ሳይሆን እጄን ለማጽዳት ብቻ ስታጠብ ከዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ምጡ ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ በላው፤ እማሆይ ስማችንን ጠይቀው የያዙት በዚያ መሐል ነው። ሰዓዳ ተንበርክካ የዳሱን ምሰሶ አቅፋለች፤ እማሆይ ከኋላዋ ሆነው በደረታቸው ደግፈዋታል። እኔ ከፊቷ ነኝ። ዝናብ መጣ፣ አባራ፣ እንደገና መጣ። ሰዓዳ አንድ ጊዜ በጣም ሲብስባት "ሞትሁ እማማ! ማንን ልጥራ?" አለች።

"የምታውቂውን ጥሪ ልጄ" አሏት እማሆይ። "የለመደሽን ስም ጥሪ። አፍሽ የሚያውቀውን።"

ሰዓዳ "ያ አላህ" ትላለች፤ እማሆይ ከትከሻዋ ላይ ሆነው "እመቤቴ ድረሺላት" ይላሉ። ሁለቱ ድምፆች አንዱ ከአንዱ ጆሮ ሥር ናቸው። ዳሱ ለሁለቱም ስሞች አልጠበበም። የእኔ ግን ለወራት በቃሌ ስደግመው የነበረው ጸሎት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ዐይኔና እጄ ብቻ ቀሩኝ፤ ሆኖም ያን ያህል ወደ ፈጣሪ ቀርቤ አላውቅም ነበር።

ራሱ ብቅ ሲል እማሆይ "ምን ታያለሽ?" አሉኝ።

"ጠጉሩ ታየኝ... ራሱ ወጣ... እማሆይ! አንገቱ ላይ ገመድ ነገር አለ!"

"እትብቱ ነው። ሰዓዳ፣ አታምጪ፣ ተንፍሺ ብቻ። የሻረግ፣ እንዳትስቢው። ጣትሽን ቀስ አድርገሽ ከሥሩ አሾልኪው። ገባ?"

"ጠበቀብኝ!"

"አይዞሽ፤ ቸኩለሽ እንዳትጎትቺ። በቆዳውና በእትብቱ መሐል። ጣትሽ ቀጭን ነው፣ ይገባል።"

እነዚያ መጀመሪያ ነጭ የሆኑት ጣቶቼ ናቸው የገቡት። እትብቱ ይንሸራተታል፣ ሞቃት ነው፣ ይመታል። ሥሩን አገኘሁት።

"ገባ!"

"አሁን ወደ ላይ፣ በራሱ ላይ አሳልፊው። እንደ ማተብ አውልቂው።"

አወለቅሁት። እማሆይ "አሁን አምጪ ልጄ!" ሲሉ ሰዓዳ ከሆዷ የወጣ አንድ ድምፅ አሰማችና ሕፃኑ ሙሉውን መዳፌ ላይ ወረደ። ሴት ናት። ሰማያዊ ናት። አትንቀሳቀስም።

"አታለቅስም" አልሁ። ሰዓዳ ጎንበስ ብላ ልታይ ትታገላለች፤ "ምነው? ምነው ዝም አለች?" ትላለች።

"አፏን ጥረጊ። ፊቷን ወደ ታች ድፊ። ጀርባዋን አሻሺ፣ ጠንከር አድርገሽ! አትፍሪያት!"

አሸሁ። ምንም የለም። እንደገና አሸሁ። "እባክሽ" አልኋት። ለእግዜር ይሁን ለልጅቱ አላውቅም፤ "እባክሽ፣ እባክሽ" አልሁ። ከዚያ በእጄ ሥር አንድ ነገር ተንፈራፈረ። ሳል መሰለ። ቀጥሎ ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ ዳሱን ሞላው።

እማሆይ እንዲህ ሲስቁ አያለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ጥርስ በሌለው አፋቸው ከት ብለው ሳቁ። ሰዓዳ ታለቅሳለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ተገኘ ከውጭ "ተገላገለች? ተገላገለች?" እያለ ይጮኻል። በዚህ መሐል ከገዳሙ ቅጥር ውስጥ እልልታ ተሰማ። አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ያች "አይቻልም" ያለችው ወጣት መነኩሴ ነበረች።

እትብቱን አስረን ቆረጥን፤ እንግዴ ልጁም በሰላም ወጣ። ሰዓዳ ልጇን ታቅፋ ጋደም እንዳለች እጄን ያዘችና መዳፌንም ጀርባውንም ሳመችው። ነጩንም ጠይሙንም ሳትለይ ሳመችው።

"ስሟን መርየም ብያታለሁ" አለች። "የእኛም የእናንተም ናት።"

ያን ሌሊት ሁላችንም በዳሱ አደርን። ንጋት ላይ ደወል ሲደወል እማሆይ ተነሥተው ሲወጡ አየሁና ተከተልኋቸው። ነፋሱ ተኝቷል፤ ሐይቁ ላይ ጭጋግ አለ። መነኮሳቱ አንድ በአንድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ። እማሆይ ከቅጥሩ በር ሲደርሱ ቆሙ። ጫማቸውን አውልቀው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ከውጭ ቆሙ። እዚያች ገዳም ውስጥ ትልቋ እሳቸው ናቸው፤ ትናንሾቹ ሁሉ በፊታቸው አልፈው ገቡ። አንዳንዶቹ ሲያልፉ አቀረቀሩ። እኔም አጠገባቸው ቆምሁ፤ እኔም መግባት አልችልም።

ዜማው ከውስጥ ተነሣ። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ኩታቸው ሰዓዳ ሥር ቀርቷል፤ ነጠላዬን ብሰጣቸው በምልክት እምቢ አሉኝ።

"እማሆይ" አልሁ ዝግ ብዬ፣ "አላዘኑም?"

"አዝኛለሁ እንጂ። ገዳም ከገባሁ ጀምሮ ኪዳን አስታጉዬ አላውቅም።"

"ታዲያ ሥርዓቱ ልክ አይደለም ማለት ነው?"

ዞር ብለው አዩኝ። "ማን እንዲያ አለሽ? ሥርዓቱን እወደዋለሁ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ያቆመኝ እሱ ነው። ስለምወደውም ነው ቅጣቱን የምቆምለት። ትናንት ግን ከሥርዓቱ የሚቀድም ነገር መጣ። ሲመጣ ታውቂዋለሽ።" በአገጫቸው ወደ ዜማው አመለከቱ። "ደግሞ ስሚ፤ ከዚህም ይሰማል።"

ሰማሁ። እውነትም ይሰማል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ዜማ ነው፤ አባባ ያስጠኑኝ። ውስጥ ቆሜ ስሰማው ሁልጊዜ እንደ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ነበርሁ። የዚያን ዕለት ከውጭ፣ በባዶ እግሬ፣ ከአንዲት ቅጣት ላይ ካለች አሮጊት ጎን ቆሜ ስሰማው የሚጠራኝ መሰለኝ።

ጸሎቱ ሲያልቅ "አሁን ጸበሉን ያጠምቁኝ" አልኋቸው።

"እሺ። ምን ብዬ?"

"ኃጢአቴ እንዲነጻ።"

"የትኛው ኃጢአት?"

"አላውቀውም።"

"አንች የማታውቂውን ኃጢአት እኔ እንዴት አድርጌ ላጥበው?" አሉና ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ተጠማዝዞ በደረቀ ጣታቸው የከንፈሬን ነጭ ዳር ዳሩን ነኩት። "አባትሽ ቤት ነጭ በጥቁር የሆነች ቡሬ ላም ኖራ አታውቅም?"

"ኖራ ታውቃለች።"

"ወተቷን ትደፉት ነበር?"

ሳልወድ ሳቅሁ። ለስንት ወራት ያልሳቀ ፊቴ፣ በራሱ ላይ በተቀለደ ቀልድ ሳቀ። እሳቸውም አብረውኝ ሳቁና ወዲያው ቆፍጠን አሉ።

"ስሚኝ የሻረግ። ሰውን የምንወደው በራሳችን ልክ ነው፤ ሌላ መስፈሪያ አልተሰጠንም። አንች ራስሽን በምትጠይበት ልክ ትናንት ያችን ሕፃን ብትቀበያት ኖሮ ምን ትሆን ነበር? እጄ ርኩስ ነው ብለሽ ብትሸሺ እግዚአብሔር የሚደሰት ይመስልሻል?"

ከዚያ ጸበሉን ቀድተው በራሴ ላይ አፈሰሱት። "ስለ ምን ነው ታዲያ?" አልኋቸው ውሃው እየወረደብኝ።

"ስለ ደስታ" አሉኝ። "ለምስጋናም እኮ ይጠመቃል።"

ተገኘ ሞተሩን አስነሥቶ ከሰዓት ወደ ባሕር ዳር መለሰን። ሱባኤውን አልገባሁም። እማሆይ ራሳቸው "እነሱን አድርሺ፤ ያ ነው ሱባኤሽ" ብለው አሰናበቱኝ። ሰዓዳን ቤተሰቦቿ ደጃፍ አድርሼ ልጅቷን ለአያቷ ሳስረክብ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። መንገድ ላይ ሰው አየኝ። ይየኝ አልሁ።

አባባ ሲያዩኝ ደነገጡ። ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ፊቴን ደጋግመው አዩ። ነጩ እንዳለ ነው።

"ነጻሽ?" አሉኝ።

"ነጻሁ አባባ" አልኋቸው።

ግራ ገባቸው። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጀልባዋን፣ ዳሱን፣ እትብቱን፣ የቆምንበትን በር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከደጅ ቆሙ?"

"ቆሙ።"

"ለእስላም ልጅ?"

"ለልጅ አባባ።"

ከዚያ እጄን ወደ ብርሃኑ ሳብ አድርገው ጣት በጣት ተመለከቱት። "እኔ የተጻፈውን አነበብሁልሽ እንጂ" አሉ፣ "እጅሽን አላየሁትም ነበር።" ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ስለ ኃጢአቴ አንስተውብኝ አያውቁም።

ትምህርት ሲከፈት እጅጌዬን ሰብስቤ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ልጆቹ ሹክሹክ አሉ፤ አንዷ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ያማል?" አለችኝ። "አያምም" አልኋት፤ ነገሩ በዚያው አበቃ። ጓድ ሲሳይ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ በሁሉ ፊት "እህሳ፣ ጸበሉ አላዳነሽም አይደል?" ብሎ ሳቀ። "አልታመምሁም ነበር ጓድ" አልሁትና እጄን ዘረጋሁለት። ሰው ሁሉ እያየ ነበር። ጨበጠኝ።

የሰዓዳ ባል ከሰሜን አልተመለሰም። ልጇን ግን ብቻዋን አሳድጋ፣ ሱቁን አስፍታ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃቻት። ዛሬም በየበዓሉ እንጠያየቃለን፤ የእኔም የእሷም በዓል ሲመጣ ማለቴ ነው። እማሆይ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ እንኳ አልደረስሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከእምነቴ ወጣሁ ልላችሁ አይደለም። ዛሬም እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። የተለወጠው እኔ ከፈጣሪ ጋር የምነጋገርበት ቋንቋ ነው። ድሮ የምለምነው ሌላ ሰው እንዲያደርገኝ ነበር። እማሆይ ሕጋቸውን ሳይንቁ ከሕጋቸው የሚሰፋ ልብ ይዘው እንደሚኖሩ ካየሁ በኋላ፣ እኔም ሳልለወጥ የምወደድ መሆኔን ለማመን ድፍረት አገኘሁ። የእናንተ ምልክት ቆዳችሁ ላይ ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ሰው የማያየው ቦታ ሊሆን ይችላል። እሱን ስትፍቁ ዕድሜያችሁ እንዳያልቅ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍሁላችሁ።

ባለፈው በጋ አንዲት እናት የአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። የልጅቷ አገጭና አንገት መንጣት ጀምሯል፤ በቀን ሙቀት ሻርፕ ጠምጥማለች። እናትየዋ ልትናገር አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት።

"ይለቃል?" አለችኝ።

"የኔ አለቀቀም" አልኋት። ያረጀ ፊቴን፣ ሙሉ በሙሉ የነጣውን እጄን አሳየኋት። "ያንችን አላውቅም። ግን ሐይቁ ዳር ወጥተን ትንሽ ብንሄድስ?"

እናቷን አየች። ከዚያ ሻርፑን ቀስ ብላ ፈታችና ወንበሩ ላይ ጣለችው። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ፀሐዩ ወጣን።